የባዜቃው ሂሳብ ያለ እኛ አይዘጋም

ነጋዴ ሂሳብ ሲዘጋ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ምን ገባ? ምን ወጣ? ምን ቀረ? ሦስቱ ካልተገጣጠሙ ወይ ሚዛኑ ተበላሽቷል፣ ወይ አንድ ሰው ዋሽቷል፣ ወይ ዕቃው በጓሮ በር ወጥቷል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። በመተማም፣ በሞያሌም፣ በጋላፊም፣ በቶጎ ውጫሌም የምትነግዱ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ የምንጽፈው ሦስቱ ስለማይገጣጠሙበት አንድ ሂሳብ ነው፤ መንግሥታት «የሜርኩሪ ልቀት ቆጠራ» ስለሚሉት። ሜርኩሪ ማለት አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፣ እንደ ብር የሚያበራ፣ እንደ ውሃ የሚፈስ ብረት ነው። አንድ አገር በሰው ሥራ ምክንያት በዓመት ምን ያህል ባዜቃ ወደ አየር፣ ወደ ውሃና ወደ መሬት እንደሚለቅ ይገመታል። ከዚያ በሚቀጥሉት አሥርና ሃያ ዓመታት ስንት እንደሚደርስ ይተነበያል። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ሕግ ይወጣል፣ በጀት ይመደባል፣ ኬላው ይጠብቃል።

አቋማችንን ገና ከበሩ እንናገር። በአካባቢያችን አገሮች ይህ ቁጥር የሚሠራበት መንገድ ትክክል አይደለም። ትልቁ ስህተቱ የድንበሩን ንግድ፣ ማለትም እኛን፣ ከሂሳቡ ውጭ ማድረጉ ነው። ጣታችንን ግን ወደ ቢሮ ብቻ አንቀስርም። ቁጥሩ እንዲዛባ የእኛም እጅ አለበት። ሁለቱንም እንናገራለን። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ቁጥር

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና መጀመሪያ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በየፋብሪካው ጭስ ማውጫና በየወርቅ ማጠቢያው ወንዝ መለኪያ ተተክሎ የሚገኝ አይምሰላችሁ። አብዛኛው አገር የሚጠቀመው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ያዘጋጀውን የስሌት መመሪያ ነው። የፕሮግራሙ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ናይሮቢ ነው። መመሪያው ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ቀለል ያለ፣ በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ላይ የሚሞላ ነው፤ ሁለተኛው ጠለቅ ያለና የአገሩን የራሱን መረጃ የሚጠይቅ ነው።

ስሌቱ ከሱቅ ሂሳብ አይከብድም። መጀመሪያ የሥራው መጠን ይጠየቃል፤ ስንት ቶን ሲሚንቶ ተመረተ፣ ስንት ቶን ድንጋይ ከሰል ተቃጠለ፣ ስንት ኪሎ ወርቅ ወጣ። ያ መጠን በእያንዳንዱ ቶን ወይም ኪሎ ይገባል ተብሎ በሚታሰበው ባዜቃ ይባዛል። በመጨረሻ ከድምሩ ስንት እጁ ወደ አየር፣ ስንት እጁ ወደ ውሃ፣ ስንት እጁ ወደ መሬት እንደሄደ ይከፋፈላል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኛ ብዛቱን በአንዱ ዋጋ እንደምናባዛው ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት ጋር ጠብ የለንም። ለሲሚንቶ ጥሩ ይሠራል። ፋብሪካው የታወቀ ነው፣ ምርቱ ይመዘገባል፣ ከውጭ የሚገባ ከሰል ካለም ዲክላራሲዮን አለው። በኖራ ድንጋዩና በከሰሉ ውስጥ ያለው ጥቂት ባዜቃ በእቶኑ ሙቀት ተንኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። አንድ ባለሙያ ናሙና ወስዶ ቢለካ ቁጥሩን ማረም ይችላል። ጣጣው ያለው ወርቁ ላይ ነው።

ወርቁ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2018 በወጣው የዓለም የሜርኩሪ ግምገማ መሠረት፣ በ2015 ከሰው ሥራ ወደ አየር የተለቀቀው ባዜቃ 2,220 ቶን ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ 838 ቶኑ፣ ማለትም 38 በመቶ ገደማ፣ ከባህላዊና ከአነስተኛ ወርቅ ማምረት የወጣ ነው። በዓለም ላይ የሚነደው ድንጋይ ከሰል ተደምሮ እንኳ 21 በመቶ ገደማ ነው። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ድርሻ 16 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ከወርቅ የመጣ ነው። ፋብሪካ ባልበዛበት አህጉር ይህን ያህል ድርሻ የመጣው ከጭስ ማውጫ አይደለም፤ ከምድጃና ከወናፍ ነው።

ያው ወርቅ፣ ከዜሮ እስከ 5 ቶን

እስቲ አንድ ምሳሌ እንሥራ። የየትኛውም አገር ቁጥር አይደለም፤ ምሳሌ ብቻ ነው። አንድ አካባቢ በዓመት 1 ቶን ወርቅ አወጣ እንበል።

አምራቾቹ የተፈጨውን ድንጋይ በሙሉ ከባዜቃ ጋር የሚያቦኩ ከሆነ፣ የዓለም ግምገማዎች የሚጠቀሙበት ልክ ለ1 ኪሎ ወርቅ 5 ኪሎ ባዜቃ ነው። ስለዚህ 5 ቶን ይሆናል። መጀመሪያ አጥበው ከባዱን አሸዋ ከለዩ በኋላ ለእሱ ብቻ ባዜቃ የሚጨምሩ ከሆነ፣ ልኩ 1.3 ኪሎ ነው። ስለዚህ 1.3 ቶን ይሆናል። በገበቴ ብቻ አጥበው የሚያወጡ ከሆነ ደግሞ ዜሮ ነው። ያው 1 ቶን ወርቅ፤ ቁጥሩ ግን ከዜሮ እስከ 5 ቶን ይወዛወዛል።

መሄጃውም ይለያያል። ባዜቃው በድንጋዩ ሁሉ ላይ ሲፈስ አብዛኛው ከዝቃጩ ጋር ወደ መሬትና ወደ ወንዝ ይሄዳል። ለተለየው አሸዋ ብቻ ሲጨመር አብዛኛው ቅይጡ ሲነድ ተንኖ ወደ አየር ይወጣል። ባዜቃ የሚፈላው በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። ሪቶርት የሚባለው ዝግ ዕቃ ቢኖር እንፋሎቱ ቀዝቅዞ አብዛኛው ባዜቃ ይመለሳል፣ ሰውዬውም ደግሞ ይጠቀምበታል። ሪቶርት ከሌለ ጭሱን የሚተነፍሰው አንጣሪው፣ ሚስቱና አጠገቡ የሚጫወተው ልጅ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በየመንደሩ ከሦስቱ የትኛው እንደሚሠራ የሚያውቅ ማን ነው? ቢሮ የተቀመጠው ባለሙያ አያውቅም። መጀመሪያ የሚያውቀው ጉድጓድ የሚወርደው ወጣት ነው። ቀጥሎ የምናውቀው እኛ ነን፤ ምክንያቱም የማዕድን መንደሩን ገበያ የምናቀርበው እኛ ነን። ወፍጮው መቼ እንደገባ፣ በሳምንት ስንት በርሜል ናፍጣ እንደሚፈጅ፣ ባዜቃው በማንኪያ እየተሸጠ እንደሆነ ወይም በሃይላንድ እየተሸጠ እንደሆነ በዓይናችን እናያለን። ወፍጮ ገባ ማለት ድንጋይ መፍጨት ተጀመረ ማለት ነው። ድንጋይ መፍጨት ሲጀመር ብዙ ጊዜ ባዜቃ ይከተላል። ይህን ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አያሻም፤ ገበያ መዋል ይበቃል። ታዲያ ቆጠራ ሲደረግ ገበያ የሚውለውን ሰው ማን ጠየቀው?

የወርቁ ቁጥር ራሱ ይዋሻል

ልኩ ባይታወቅ፣ ቢያንስ የወርቁ መጠን ይታወቃል የሚል አይጠፋም። አይታወቅም። የኢትዮጵያን ነገር እንመልከት። ለረጅም ጊዜ በባንክ ዋጋና በጥቁር ገበያ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለነበር፣ ብዙ ወርቅ ባንክ በር ሳይደርስ ድንበር ይሻገር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚገባው ወርቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ ጨመረ።

ምድሪቱ በአንድ ክረምት ብዙ እጥፍ ወርቅ አበቀለች? አላበቀለችም። የዓለም ዋጋ ስለናረ አዲስ የተቆፈረ ወርቅ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ከለውጡ ብዙው የመንገድ ለውጥ ነው፤ በጓሮ ይወጣ የነበረው በፊት በር መጣ። አሁን አንድ ባለሙያ የባንኩን ወርቅ ወስዶ በልኩ ቢያባዛው ምን ይሆናል? የባዜቃው ልቀት በአንድ ዓመት ብዙ እጥፍ የጨመረ ይመስላል፤ የፊተኛው ዓመት ደግሞ ንጹሕ የነበረ ይመስላል። ሁለቱም ውሸት ነው። በፊትም ይነድ ነበር፣ አሁንም ይነዳል። የተለወጠው የነጋዴው መንገድ ነው።

ስለዚህ በይፋ በተመዘገበ ወርቅ ላይ ብቻ የቆመ የልቀት ቆጠራ የሚቆጥረው ባዜቃን አይደለም፤ የምንዛሪ ፖሊሲን ነው።

በተዘባረቀ መነሻ ላይ የሚሠመር መስመር

ግምቱ እንዲህ ከሆነ ትንበያውስ? ትንበያ ማለት የትናንትን ቁጥር ይዞ ወደ ነገ መስመር መሳብ ነው። መነሻው ከተዛባ መስመሩ በራቀ ቁጥር ስህተቱ ይሰፋል። አናጢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሥር በአንድ ጣት የሳተ ግድግዳ ጣሪያው ላይ በክንድ ይስታል።

ከታሪኩ ራሱ ማስረጃ እናምጣ። የዓለም ግምገማዎች ለ2005 ከባህላዊ ወርቅ ወደ አየር ወጣ ብለው ያስቀመጡት ቁጥር 350 ቶን ገደማ ነበር። ለ2010 ደግሞ 727 ቶን አሉ። በአምስት ዓመት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ መስመር የሳበ ሰው፣ በየአምስት ዓመቱ እጥፍ ይሆናል ብሎ ለ2015 ከ1,400 ቶን በላይ ይተነብይ ነበር። ለ2015 የታተመው ግን 838 ሆነ። ምክንያቱ ምንድን ነው? በ2005ና በ2010 መካከል የጨመረው በዋናነት ባዜቃው ራሱ ሳይሆን መረጃው መሆኑን የራሱ የግምገማው አዘጋጆች ተናግረዋል። ቀድሞ ያልተቆጠረ ተቆጠረ። በእውቀት መጨመር የመጣን ለውጥ በልቀት መጨመር እንደመጣ የሚያይ ትንበያ አገርን ያሳስታል።

ሁለተኛው ነገር፣ ነገን የሚወስኑት ነገሮች በሰንጠረዡ ውስጥ የሉም። በ2015 መጨረሻ አንድ አውንስ ወርቅ 1,060 ዶላር ገደማ ነበር። በ2025 መጋቢት ከ3,000፣ በጥቅምት ከ4,000 ዶላር አለፈ። የወርቅ ዋጋ ሲወጣ ገበሬው ማረሻውን ጥሎ ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ይህን እናንተም እኛም በየመንገዱ አይተናል። በ2020 ኅዳር ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተነሳ። በ2023 ሚያዝያ 15 ሱዳን ውስጥ ሌላ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ሥራ የጠፋበት ወጣት፣ ሕግ የላላበት ቦታና የናረ ዋጋ አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ነጋዴ አይስተውም። በ2015 መነሻ የተሠራ መስመር ግን ይህን ከየት ያየዋል?

በሌላ በኩልም ይሳሳታል። ኬንያ ላሙ ላይ 1,050 ሜጋዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። በ2019 ሰኔ የኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ ፍርድ ሸንጎ ፈቃዱን ሰረዘው። ያ ጣቢያ ተሠርቷል ብሎ የተነበየ ሰው ያልነደደ ከሰል ቆጥሯል። የአካባቢው ነዋሪዎች ተከራክረው የለወጡትን ነገ፣ መስመሩ አስቀድሞ ሊያየው አይችልም ነበር።

ስለዚህ አንድ መስመር አታሳዩን። ሦስት አሳዩን፤ የወርቅ ዋጋ እንዲህ ቢሆን ይህ፣ ሪቶርት ቢዳረስ ይህ፣ ምንም ባይደረግ ይህ። ከእያንዳንዱም አጠገብ ከስንት እስከ ስንት እንደሚወዛወዝ ጻፉ። እኛ በክረምት ጤፍ ስናከማች እንኳ «ዋጋው ይህ ይሆናል» ብለን አንምልም፤ «ከዚህ እስከዚህ» እንላለን። የዓለሙ ግምገማ ራሱ ለ2015 ከ2,000 እስከ 2,820 ቶን ብሎ አስቀምጧል። የዓለም ባለሙያዎች ያላፈሩበትን የእኛ ቢሮዎች ለምን ያፍሩበታል?

የጎደለው በየት ገባ?

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። በጉምሩክ መዝገብ ባዜቃ የራሱ የታሪፍ ቁጥር አለው፤ 2805.40። አገሮች በዚህ ቁጥር ያስገቡትን ያሳውቃሉ። ነገር ግን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ወርቁ የሚፈልገው ባዜቃ ሲገመትና በይፋ የገባው ሲታይ አይገናኙም። የሚነደው ከሚገባው ይበልጣል። ሂሳብ ሹም ይህን ቢያይ ምን ይላል? «በጓሮ የገባ አለ» ይላል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2011፣ አሜሪካ በ2013 ባዜቃ ወደ ውጭ መላክ ከለከሉ። ፍላጎቱ ስላልቆመ ንግዱ መንገድ ቀየረ እንጂ አልቆመም። በ2013 በጃፓን ኩማሞቶ የሚናማታ ስምምነት ጸደቀ፤ በ2017 ነሐሴ 16 ሥራ ላይ ዋለ። ስሙ የተወሰደው፣ ከፋብሪካ በወጣ ባዜቃ የተበከለ ዓሣ የበሉ ሰዎች ካለቁባትና ከሰነከሉባት ከሚናማታ ከተማ ነው። በስምምነቱ መሠረት ተቀባዩ አገር በጽሑፍ ሳይፈቅድ ባዜቃ አይላክም። በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው።

በመሬት ላይ ግን ግማሽ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ በባዜቃ ሲሞላ ከ6 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። አንድ ሃይላንድ በሽንኩርት ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ በአውቶቡስ መቀመጫ ሥርም ይገባል። የማዕድን መንደሩን ለሳምንታት ያስኬዳል። ዲክላራሲዮን የለውም፣ ማኒፌስት የለውም። በየትኛውም የመንግሥት ሰንጠረዥ ላይ የለም። በልጆች ሳንባ ውስጥ ግን አለ።

እኛስ?

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እዚህ ላይ ግን ዝምታችን የሌሎችን ወርቅ አዳመቀ እንጂ ለእኛ ምንም አላተረፈልንም። እውነቱን እንነጋገር። ያንን ሃይላንድ የሚያሻግረው ከእኛ ሌላ ማን ነው? ሁላችንም አይደለንም፤ ግን ከእኛው ነው። «አደራ አድርስልኝ» ተብሎ የሚቀበል ሹፌር አለ። ምን እንደሆነ እያወቀ «የባትሪ ውሃ ነው» የሚል ደላላ አለ። እያየን ፊታችንን ያዞርነውም ብዙዎች ነን።

በዚህ ብቻ አያበቃም። ቆዳ የሚያነጣ ቅባትና ሳሙና የሚነግዱ እህቶችና ወንድሞች፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ የሚያነጡት በባዜቃ ጨው ነው። ቆዳ ያልፋል፣ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሲታጠብም ውሃ ውስጥ ይገባል። የቆጠራ መመሪያው ይህን እንደ አንድ የልቀት ምንጭ ያስቆጥራል። ስምምነቱ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ባዜቃ ያለበትን ቅባት ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና እንዳይነገድ ከልክሏል። በ2023 ደግሞ ጄኔቫ ላይ ያ ልክ እንዲነሳና ባዜቃ የተጨመረበት ማንኛውም መዋቢያ በ2025 እንዲያበቃ ተወስኗል። መለያ ጽሑፉ ላይ «ሜርኩሪ» ወይም «ካሎሜል» የሚል ካያችሁ አትግዙ፣ አትሽጡ። ምንም ጽሑፍ የሌለበትንማ ጨርሶ አትንኩ። በሱቃችሁ ያለው ትርፍ የምታስተዳድሯትን ልጅ ኩላሊት አያክልም።

ለወርቅ ገዢዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ከአምራቹ የምትገዙት የነደደ ወርቅ ውስጥ የቀረ ባዜቃ አለ። ሱቅ ውስጥ ስታቀልጡት ያ ባዜቃ ይወጣል፤ ጓሮ ያለው ማዕድ ቤት፣ ከላይ ያለው መኝታ ቤት ይተነፍሰዋል። የባዜቃ እንፋሎት ሽታ የለውም። እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ቁጣ ሲበዛ «ድካም ነው» ይባላል። እርጉዝ ሴትና ሕፃን ባሉበት ቤት ወርቅ አይቀለጥም። ይህ ልመና አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው።

የሚመልሱልንን እናውቃለን

«ቁጥሩን እውነተኛ ካደረግነው ማዕድኑ ይዘጋል፣ ገበያችን ይሞታል» የሚሉ ታላላቆቻችን አሉ። ፍርሃታቸውን አንንቅም፤ ብዙ ቤት የሚተዳደረው በዚያ ገበያ ነው። ግን አስቡት። ቁጥር በሌለበት መንግሥት ያለው አንድ መሣሪያ ምንድን ነው? ጅምላ ክልከላ ነው። የትኛው መንደር ድንጋዩን በሙሉ በባዜቃ እንደሚያቦካና የትኛው በገበቴ እንደሚያጥብ ካልታወቀ፣ ሁሉም እንደ አንድ ይቀጣል። ከዚያ ባዜቃው አይጠፋም፤ ዋጋው ይወጣል፣ የሚያተርፈውም ትልቁ አሻጋሪ ነው። ኬላ ላይ የሚያዘው ግን ሽንኩርት የጫነው ነው። ትክክለኛ ቁጥር ለትንሹ ነጋዴ ከለላ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ እነሱ ዓለሙን በከሰል አጭሰው አሁን እኛን ይቆጥራሉ» የሚሉም አሉ። በታሪኩ ላይ ልክ ናቸው። ግን ከማዕድን መንደር ምድጃ የሚወጣው እንፋሎት መጀመሪያ የሚደርሰው ወደ ጄኔቫ አይደለም፤ ወደ ጎረቤቱ አልጋ ነው። ወንዝ ገብቶ ወደ ዓሣ ሥጋ ያለፈውም ፓስፖርት አይጠየቅም።

«እኛ ሳይንስ ምን እናውቃለን?» የሚሉም አሉ። ሳይንሱን ባለሙያው ያውቃል። ባለሙያው የማያውቀው መንገዱን ነው። ልኩን እሱ ያምጣ፣ ብዛቱን እኛ እናምጣ። ያለ ሁለቱ ማባዛት አይቻልም።

የምንጠይቀውና የምንገባው ቃል

ስምምነቱ ራሱ በር ከፍቶልናል። ባህላዊ ወርቅ ማምረት በስፋት ያለበት አባል አገር ብሔራዊ የድርጊት ዕቅድ እንዲያወጣና በየሦስት ዓመቱ እንዲገመግመው ያዛል። በዕቅዱ ውስጥ ጥቅም ላይ የሚውለው ባዜቃ መነሻ ግምት፣ የባዜቃውን ንግድ የመቆጣጠሪያ ስልትና የሚመለከታቸውን ሰዎች የማሳተፊያ መንገድ እንዲኖር ይጠይቃል። ድንጋይን በሙሉ በባዜቃ ማቡካት፣ ቅይጡን በገላጣ ማንደድና በመኖሪያ ሰፈር ማንደድ እንዲቀር ከሚፈለጉት መጥፎ አሠራሮች መካከል ናቸው። እንግዲህ «የሚመለከታቸው» ከተባለ፣ ከእኛ በላይ የሚመለከተው ማን ነው?

ለመንግሥታቱ የምንለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ቁጥሩን ስታወጡ የተባዛበትን ልክና የወርቁን መጠን ከየት እንዳመጣችሁ አብራችሁ አውጡ፤ በአማርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ፣ ሰው በሚያነበው ቋንቋ።

ሁለተኛ፣ አንድ ቁጥር አትስጡን፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ስጡን። ትንበያውንም በየጊዜው ከሆነው ጋር አስተያዩልን፤ የት እንደሳታችሁ ተናገሩ።

ሦስተኛ፣ በኬላና በገበያ የሚታየውን የምንናገርበት፣ የተናገረ ሰው የማይታሰርበት መንገድ ክፈቱ። በካቴና የሚጠየቅ ሰው እውነት አይናገርም።

አራተኛ፣ በሁለት ወገን ያላችሁ የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች መዝገባችሁን አገናኙ። ከዚህ ወገን የወጣው ከዚያ ወገን ገባ ከተባለው ጋር ካልተመሳከረ፣ ሁለት አገር ሁለት የተሳሳተ ሂሳብ ይዞ ይቀመጣል።

አምስተኛ፣ ክልከላ ከማውጣታችሁ በፊት ሪቶርት አድርሱ። ባዜቃውን የሚመልስ ዕቃ ያለው አንጣሪ የሚገዛው ባዜቃ ይቀንሳል፤ ያልተገዛ ደግሞ አይሻገርም። ሪቶርቱን በትንሽ ትርፍ እስከ ማዕድን መንደሩ የምናደርሰው እኛ እንሁን። ይህ መንገድ ከኛ ሌላ ማን ያውቀዋል?

ከራሳችን በኩል ደግሞ ቃል እንግባ። ምንነቱን የማናውቀውን አደራ አንቀበል። ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ሃይላንድ የያዘ ሰው ሲመጣ አንጫንለት። ባዜቃ ያለበት ቅባት ከመደርደሪያችን ይውረድ። የማዕድን ገበያ የምናቀርብ ደግሞ በየወሩ የምናየውን በማስታወሻ ደብተራችን እንጻፍ፤ ስንት ወፍጮ፣ ስንት ወርቅ ገዢ ሱቅ፣ ባዜቃ በስንት ዋጋ። ስም አይጻፍ፣ ሰው አይጠቆም። የዱቤ ደብተር የያዘ እጅ ይህን መያዝ አያቅተውም። ጠያቂው በመጣ ጊዜ ባዶ እጃችንን አንገኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይህ በሽታ የአንድ አገር አይደለም፤ ከጉድጓዱ ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ኬላው፣ ከኬላው ወደ ሌላው አገር ማዕድ ቤት ይሄዳል። መንገዱ የእኛ መንገድ ነው። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ምን ቀረ» የሚለውን በልጆቻችን ደም ውስጥ ከሚመልሱልን፣ እኛው አስቀድመን በደብተራችን ብንመልስ ይሻላል።

መንገዳችሁ የቀና፣ ሚዛናችሁ የታመነ ይሁን።